የጉበት ትልን ጨፌው ላይ መቅደም

ታኅሣሥ 29 ቀን በላሊበላ ከቤዛ ኵሉ ዝማሬ መልስ በየግቢው በግ ይታረዳል። ቆዳው ተገፎ ሆድ ዕቃው ሲወጣ አንዳንዴ ያልታሰበ ነገር ያጋጥማል። ጉበቱ ሲሰነጠቅ ከቧንቧዎቹ ውስጥ ቅጠል የመሰለ ጠፍጣፋ ትል ይወጣል። ባለቤቱ ፊቱን አጨማድዶ ጉበቱን ይጥለዋል፤ ዱለቱም ያለ ጉበት ይሠራል። ቤተሰቡ ከበሽታው የተረፈ መስሎት ወደ ድግሱ ይመለሳል።

ነገር ግን በሽታው ከጉበቱ ጋር አልተጣለም። ከጉበት የወጣ ያደገ ትል ቢበላ እንኳ ሆድ ይፈጨዋል እንጂ ሰው ውስጥ ተተክሎ አይራባም። በጉም ሆነ ሰው በበሽታው የሚያዘው በዐይን ለማየት የሚያስቸግር እጭ ከሣር፣ ከቅጠል ወይም ከውሃ ጋር ሲውጥ ነው። ያ በግ የጋጠበት ጨፌ፣ የጠጣበት ምንጭ፣ ከምንጩ ሥር ያለው የጎመን መደብ ግን የትም አልሄዱም። የቤቱ ልጆችም ከዚያው ምንጭ ይጠጣሉ።

ይህ መመሪያ የተጻፈው በላስታና በአካባቢው ደጋ በግ፣ ከብትና አህያ ለሚያረቡ፣ ለእረኞች ወላጆች፣ እንዲሁም በመስኖ አትክልት ለሚያለሙ ቤተሰቦች ነው። ቅደም ተከተሉ ከእንስሳው ይጀምርና ሰው ዘንድ ይደርሳል።

ትሉ የሚሄድበት መንገድ

የእንስሳት ሐኪሞች ፋሲዮላ የሚሉት የጉበት ትል በኢትዮጵያ በሁለት ዓይነት ይገኛል። በደጋ የሚበዛው ፋሲዮላ ሄፓቲካ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል። በቆላ የሚበዛው ፋሲዮላ ጂጋንቲካ ደግሞ እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። በመካከለኛ ከፍታ ላይ ሁለቱም አብረው ይገኛሉ። ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች አካባቢዋ የመጀመሪያው ትል አገር ነው።

ያደገው ትል በጉበት ውስጥ ባሉት የሐሞት ቧንቧዎች ተቀምጦ ደም ይመጥጣል። በበግ ውስጥ አንዱ ትል በቀን እስከ 20 ሺህ እንቁላል ሊጥል ይችላል። እንቁላሉ ከሐሞት ጋር ወደ አንጀት ይወርድና በበጠጥ ወይም በእበት ይወጣል። ደረቅ መሬት ላይ ከወደቀ ይሞታል። እርጥብ ቦታ ካገኘና ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ከሆነ ግን ውስጡ እጭ ያድጋል፤ አየሩ ሞቅ ካለ በ2 ሳምንት ገደማ ይፈለፈላል። የተፈለፈለው እጭ ዕድሜው አጭር ነው። በ1 ቀን ገደማ ውስጥ ተስማሚ ቀንድ አውጣ ካላገኘ ያልቅለታል።

በደጋ የሚያስተናግደው ቀንድ አውጣ ጋልባ ትሩንካቱላ ይባላል። ትንሽ ነው፤ ቁመቱ ከ1 ሳንቲ ሜትር አያልፍም። በጥልቅ ውሃ ሳይሆን በጭቃና በውሃ ዳር ይኖራል፤ በበጋ ጭቃው ውስጥ ተቀብሮ ዝናብ ይጠብቃል። አንድ እጭ በቀንድ አውጣው ውስጥ ተራብቶ በመቶዎች የሚቆጠር ሌላ እጭ ይሆናል። እነዚህ ከ6 ሳምንት በኋላ ወደ ውሃ ይወጡና ሣር ላይ ተጣብቀው ጠንካራ ሽፋን ይለብሳሉ። ከዚያ በኋላ ሥራቸው የሚበላቸውን መጠበቅ ብቻ ነው።

በጉ ሣሩን ሲግጥ እጩ አንጀቱን በስቶ ወደ ጉበት ይገባል። ከ6 እስከ 8 ሳምንት የጉበቱን ሥጋ እየቦረቦረ ያድግና ወደ ሐሞት ቧንቧ ይዘልቃል። እንቁላል መጣል የሚጀምረው ከተዋጠ ከ10 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ይህ ቁጥር ቢያዝ ይጠቅማል፤ ከታች የሚመጡት የመድኃኒትና የምርመራ ቀኖች ሁሉ የሚቆጠሩት ከእሱ ነው።

ደጋ መኖር መከላከያ አይሆንም። በዓለም ላይ ይህ በሽታ በሰው ላይ እጅግ ከበዛባቸው ቦታዎች አንዱ ከ3,800 ሜትር በላይ ያለው የቦሊቪያ ከፍተኛ ሜዳ ነው። እርጥበት የበዛበት ዓመት ምን ሊያደርስ እንደሚችል ደግሞ እንግሊዝ ታስታውሳለች፤ እ.ኤ.አ. ከ1879 እስከ 1880 በዘለቀው ክረምቷ 3 ሚሊዮን ገደማ በጎች በጉበት ትል አልቀውባታል።

1ኛ፦ በእርድ ቀን ጉበቱን መርምሩ

ላቦራቶሪ በሌለበት ቀበሌ በዓል ነጻ የምርመራ ቀን ነው። ለገና፣ ለፋሲካ ወይም ለዓመት በዓል በግ ሲያርዱ ጉበቱን ሳይመረምሩ አይለፉት። ጤነኛ ጉበት ለስላሳ፣ ጠርዙ ስል፣ መልኩም አንድ ዓይነት ነው። ትል የኖረበት ጉበት ጠርዙ ይደነድናል፣ ገጹ ይጎረብጣል፣ ነጫጭ ጠባሳ ይታይበታል። የሐሞት ቧንቧዎቹን በቢላ ርዝመታቸውን ተከትለው ይሰንጥቁ። ግድግዳቸው ከወፈረ፣ ቢላው ሲያልፍም እንደ አሸዋ ካንቋረረ ትሉ ቆይቷል ማለት ነው። በተለይ በከብት ላይ ይህ ጎልቶ ይታያል።

ትሎቹን ጨምቀው ይቁጠሩ። ከዚያ ሦስት ነገር ይጻፉ፦ የታረደበትን ቀን፣ የትሎቹን ብዛት፣ በጉ ከ3 ወር በፊት የት ይግጥ እንደነበር። ታኅሣሥ ላይ በሐሞት ቧንቧ ውስጥ የተገኘ ያደገ ትል የተዋጠው በመስከረም ገደማ ወይም ከዚያ በፊት ነው። በጉ በዚያ ወር የዋለበት ጨፌ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ነው። በጉ ከገበያ በቅርቡ የተገዛ ከሆነ ግን ጥፋቱ የሌላ ሰው ጨፌ ሊሆን ስለሚችል ይህንንም ያስታውሱ።

ጉበቱ ላይ ከትሉ ሌላ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ከተገኘ እሱ ሌላ በሽታ ነው። እንዲህ ያለው ጉበት ለውሻ መሰጠት የለበትም። የሚያስከትለው ትል በውሻ ሆድ አድጎ ወደ ሰው ይመለሳል፤ በጥልቀት መቅበር ወይም ማቃጠል ይገባል።

2ኛ፦ የቀንድ አውጣውን ሰፈር ለዩ

የላስታ መሬት በአብዛኛው ድንጋያማና ተዳፋት ስለሆነ ውሃ አይተኛበትም። ይህ ለገበሬው ትልቅ ዕድል ነው። አደጋው በጥቂት ቦታዎች ተወስኖ ይገኛል፦ ከገደል ሥር ምንጭ በሚፈልቅበት፣ ምንጩ ተርፎ በሚረገርግበት፣ በመስኖ ቦይ ዳርና ቦይ በሚያፈስበት፣ ከብት በሚጠጣበት ኩሬ ዙሪያ፣ እንዲሁም ኮቴ በረገጠውና ውሃ በቋጠረው ጭቃ። አንድ ጋት የማይሞላ የኮቴ ጉድጓድ እንኳ ለዚህ ቀንድ አውጣ ይበቃዋል።

በነሐሴ ማብቂያ ወይም በመስከረም ጠዋት እነዚህን ቦታዎች ዞረው ይመልከቱ። በእርጥቡ ጭቃ ላይ፣ ከአረንጓዴው የውሃ ሽበት ዳር፣ ጫፉ የሾለ ቡናማ ትንንሽ ቅርፊት ይፈልጉ። ያገኙትን በባዶ እጅ አይልቀሙ፤ እንጨት ይጠቀሙ፣ በኋላም እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ቀንድ አውጣው የተገኘበትን ቦታ በአእምሮ ከመያዝ በቋሚ ድንጋይ ወይም በእንጨት ምልክት ማድረግ ይሻላል። ከበጎቹ ጋር የሚውለው እረኛው ስለሆነ ምልክቱን እሱ ማወቅ አለበት።

3ኛ፦ በሕይወት ያለውን እንስሳ አንብቡ

በሽታው ሁለት መልክ አለው። ድንገተኛው በበግ ላይ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ይመጣል። ብዙ እጭ በአንድ ጊዜ ጉበቱን ሲቦረቡር በጉ ውስጥ ለውስጥ ይደማል፤ ማታ ደህና የገባ በግ ጠዋት ሞቶ ሊገኝ ይችላል። በዚህ ጊዜ በበጠጥ ምርመራ እንቁላል አይገኝም፤ ትሉ ገና አልደረሰምና። ስለዚህ ምርመራው «ትል የለም» ቢልም በዚህ ወቅት አይዘናጉ፤ የሞተውን በግ ጉበት ባለሙያ ከፍቶ እንዲያይ ያድርጉ።

ሌላው ቀስ በቀስ የሚጎዳው ሲሆን ከጥር እስከ ሚያዝያ ጎልቶ ይታያል። በጉ እየበላ ይከሳል፣ ጸጉሩ በቀላሉ ይነቀላል፣ ግልገል የምታጠባ በግ ወተቷ ይቀንሳል። ከመንጋጭላው ሥር ውሃ የቋጠረ ለስላሳ እብጠት ያወጣል፤ ማታ ሲመለስ ያበጠው ጠዋት ሊጎድል ይችላል። የታችኛውን የዐይን ሽፋን ወደ ታች ይግለጡና ውስጡን ይመልከቱ። ቀይ ወይም ደማቅ ሮዝ ከሆነ ደህና ነው፤ ከነጣ ደሙ አልቋል። ሌሎች የሆድ ትሎችም ደም ስለሚያሳንሱ የነጣ ዐይን ብቻውን የጉበት ትልን አያረጋግጥም። ትኩስ በጠጥ በንጹሕ ዕቃ ይዘው ወደ እንስሳት ጤና ኬላ ይሂዱ። ባለሙያው ናሙናውን በውሃ አዝቅጦ እንዲመረምር ይጠይቁ፤ የዚህ ትል እንቁላል ከባድ ስለሆነ በተለመደው የማንሳፈፍ ዘዴ ሊያመልጥ ይችላል።

በሬና ላም ከበግ ይልቅ ይቋቋማሉ፤ ነገር ግን እነሱም እንቁላሉን ጨፌው ላይ ይረጫሉ። ከገበያ እህል የሚያመላልሱት አህዮች፣ ጎብኚ ወደ አሸተን ማርያም የሚያወጡት በቅሎዎችም በዚሁ ትል ይያዛሉ። በጎቹን ብቻ አክሞ አህያውን መተው ጨፌውን መልሶ መበከል ነው።

4ኛ፦ ግጦሹን በወር አስሉ

ዋናው ዝናብ ከሰኔ ማብቂያ እስከ መስከረም ይወርዳል። በዚህ ጊዜ እንቁላሉ ይፈለፈላል፣ ቀንድ አውጣው ይራባል። ከነሐሴ ማብቂያ ጀምሮ እጩ ሣሩ ላይ ይወጣል። ተዳፋቱ ደርቆ ጨፌው ብቻ ለምልሞ የሚታየው ደግሞ ከጥቅምት በኋላ ነው። በጎቹ የሚገቡትም፣ አደጋው የሚያይለውም በዚሁ ጊዜ ነው።

ስለዚህ የምልክቱን ቦታ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ለበግ ይከልክሉ፤ በተለይ ለግልገልና ለጠቦት። በክረምት ውሃ የማይተኛበትን ተዳፋት ቀደም አድርገው አያስግጡት፤ ለጥቅምትና ለኅዳር ያቆዩት። አዝመራው ሲሰበሰብ ገለባውንና የማሳውን ቃርሚያ በቅድሚያ ለበጎቹ ይስጡ። ጨፌውን ማስጋጥ ግድ ከሆነ መሬቱ ተሰነጣጥቆ እስኪደርቅ ይጠብቁ፤ መጀመሪያም ያደጉ ከብቶችን ያስገቡ። በበልግ ዝናብ በሚያገኘው ከፍተኛ ደጋ ጨፌው በየካቲትና በመጋቢት ዳግም ስለሚረጥብ ያኔም እንዲሁ ይጠንቀቁ።

5ኛ፦ ውሃውን አስተካክሉ

ከመድኃኒት ሁሉ ረጅም ዘመን የሚያገለግለው አካፋና ድንጋይ ነው። በቅደም ተከተል እንዲህ ይሠራል፦

ሀ. የምንጩን ዐይን በድንጋይና በሲሚንቶ ያጎልብቱ፤ ሰው የሚቀዳበትን ከከብት መጠጫው ይለዩ። የሰው ከላይ፣ የከብት ከታች ይሁን።

ለ. ውሃውን በቧንቧ ወይም በተጠረበ እንጨት ወደ ገንዳ ይውሰዱ። የገንዳው ዙሪያ ጠጠር ወይም ጠፍጣፋ ድንጋይ ይነጠፍበት፤ አለዚያ ኮቴ በረገጠው ጭቃ ላይ አዲስ የቀንድ አውጣ ሰፈር ይፈጠራል።

ሐ. የተረፈውን ውሃ በተቆፈረ ቦይ አርቀው ያፍስሱ። የቦዩን ዳር በየጊዜው ያጽዱ፤ ሣርና ቅጠል የሞላበት ቦይ ለቀንድ አውጣ ይመቻል።

መ. ማድረቅ የማይቻለውን ረግረግ በእሾህ ወይም በድንጋይ ካብ ይጠሩ።

ቀንድ አውጣን በመግደል ረገድ ኢትዮጵያ ለዓለም ያበረከተችው ትልቅ ግኝት አለ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ስለ ቢልሃርዚያ ሲያጠኑ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ወንዝ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አዩ። እንዶድ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል ያረጋገጠው ምርምር ከዚያ ተጀመረ። እሳቸውና ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ለዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1989 ከስዊድን ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አግኝተዋል። እንዶድ ግን ዓሣንም ይገድላል፤ ጭቃ ውስጥ የተቀበረውን ቀንድ አውጣ ደግሞ ላይደርስበት ይችላል፤ የቀሩት ጥቂቶች በአንድ ክረምት ተመልሰው ይራባሉ። ስለዚህ ሰው በሚጠጣው ምንጭ ውስጥ አይጨምሩት። ሌላ ቦታም ቢሆን ያለ ባለሙያ ምክር አይጠቀሙበት። ማጠንፈፍ ይቅደም።

6ኛ፦ ድርቆሹንና እበቱን ያዙ

የጨፌ ሣር እንዳይባክን ማጨድ ይቻላል። እጩ የሚበዛው በሣሩ የታችኛ ክፍል፣ ውሃ በሚነካው አካባቢ ነው። በኢንዶኔዥያ የተሠራ ጥናት በሩዝ ማሳ ላይ እጩ በአብዛኛው በአገዳው የታችኛ ሲሶ እንደሚቀመጥ ስላሳየ ለገበሬዎቹ የተሰጠው ምክር የላይኛውን ማጨድና በፀሐይ ማድረቅ ነበር። እዚህም ያው ይሠራል። ከፍ አድርገው ይጨዱ፣ ስስ አድርገው በፀሐይ ያስጡት፣ በደንብ ሲደርቅ ይከምሩት፤ የጨፌውን ድርቆሽ ወዲያው ከመመገብ የተዳፋቱን አስቀድመው የጨፌውን ለኋለኞቹ ወራት ያቆዩት። እርጥብ የጨፌ ሣር አጭዶ በረት ማምጣት ግን በጉን ጨፌው ላይ ከማሰማራት አይለይም።

የእበት ነገር በላስታ አንድ መልካም ጎን አለው። ተጠፍጥፎ በፀሐይ የደረቀ ኩበት ውስጥ የትሉ እንቁላል አይተርፍም። አደጋው ትኩስ አዛባ ተጠርጎ ወደ ቦይ፣ ወደ ምንጭ ወይም ወደ እርጥብ የአትክልት መደብ ሲደፋ ነው። ለማዳበሪያ የሚውለውን ከምረው፣ ሸፍነው፣ ውስጡ እስኪሞቅ ይተዉት፤ ያ ሙቀት እንቁላሉን ይገድለዋል።

7ኛ፦ መድኃኒቱን በስሙና በጊዜው ስጡ

ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። የትል መድኃኒት ሁሉ የጉበት ትል መድኃኒት አይደለም። በየገበያው የሚታወቀው አይቨርሜክቲን በዚህ ትል ላይ አይሠራም፤ ሌቫሚዞልም እንዲሁ። አልቤንዳዞል የሚገድለው ያደገውን ትል ብቻ ነው፤ ለእሱም የሚያስፈልገው መጠን ለአንጀት ትል ከሚሰጠው ይበልጣል። ኦክሲክሎዛናይድ ያለበት ቴትራክሎዛሽም ያደገውን ይገድላል። ከትንሹ እጭ እስከ ትልቁ ድረስ የሚያጠፋው ትሪክላቤንዳዞል ነው።

በዚህ መሠረት ዓመቱ በሦስት ይከፈላል። ከጥቅምት ማብቂያ እስከ ኅዳር አጋማሽ፣ ትሉ ገና ትንሽ ሳለ፣ ትሪክላቤንዳዞል ያስፈልጋል። በጥርና በየካቲት ያመለጠው ትል ስላደገ አልቤንዳዞል ወይም ቴትራክሎዛሽ ይበቃል። በግንቦት ማብቂያ፣ ዝናቡ ከመግባቱ በፊት የሚሰጠው መድኃኒት ደግሞ በጉን ከማዳን ባለፈ ጨፌውን ያድናል፤ አዲሱ ክረምት እንቁላል አያገኝምና። አቅም ለሦስቱ ካልበቃ የቱ እንደሚቀድም ከቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጋር ይወስኑ።

አሰጣጡም ጥንቃቄ ይፈልጋል። መጠኑ የሚለካው በክብደት ነው። ትሪክላቤንዳዞል ለበግ በ1 ኪሎ ግራም ክብደት 10 ሚሊ ግራም፣ ለከብት 12 ሚሊ ግራም ነው፤ 25 ኪሎ የሚመዝን በግ 250 ሚሊ ግራም ይወስዳል። በዐይን ገምቶ ማሳነስ ትሉን ሳይገድል መድኃኒቱን ያስለምደዋል። አውስትራሊያ ውስጥ ትሪክላቤንዳዞልን የተላመደ ትል እ.ኤ.አ. በ1995 ተመዝግቧል፤ ከዚያ ወዲህ በሌሎች አገሮችም ታይቷል። ፈሳሽ ሲያጠጡ የበጉን ራስ ወደ ላይ አያንጋጡ፤ መድኃኒቱ ወደ ሳንባ ገብቶ ሊገድለው ይችላል። በእርግዝናዋ የመጀመሪያ ወር ላይ ላለች በግ አልቤንዳዞል አይሰጥም።

መድኃኒት የወሰደ እንስሳ ሥጋና ወተት በዕቃው ላይ እስከተጻፈው ቀን ድረስ አይበላም፤ ቀኑ ሳምንታት ሊሆን ይችላል። ለገና የሚታረደውን በግ በጥቅምት ለይተው ምልክት ያድርጉበት። ማሸጊያው የተቀደደ ወይም ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት በርካሽ ቢቀርብም አይግዙ።

8ኛ፦ ከገበያ የመጣውን ለብቻ አቆዩ

በላሊበላ የቅዳሜ ገበያ የሚሸጥ በግ ከቢልባላ፣ ከገነተ ማርያም ወይም ከሩቅ ቆላ ሊመጣ ይችላል። ሲገዙ መንጋጭላውን ይዳብሱ፣ ዐይኑን ገልጠው ይመልከቱ፣ የደረት ጸጉሩን ሳብ አድርገው ይፈትኑ። ለማርባት ከሆነ መድኃኒት ሰጥተው ለ2 ሳምንት ያህል በደረቅ ጋጥ ያቆዩት፤ በሆዱ ያለው እንቁላል በዚያ ጊዜ ወጥቶ ያልቃል። በጠጡንም ወደ ጨፌው አይድፉት።

9ኛ፦ ማዕዱንና የልጆቹን አፍ ጠብቁ

የዓለም ጤና ድርጅት ከ70 በሚበልጡ አገሮች ቢያንስ 2.4 ሚሊዮን ሰው በዚህ ትል እንደተያዘ ይገምታል። በአማራ ክልልም ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት በጣና ሐይቅ ዙሪያ ከ500 በላይ ተማሪዎችን መርምሮ 3 በመቶ ገደማ በሚሆኑት ላይ የትሉን እንቁላል አግኝቷል። ጥሬ አትክልት መብላትና ንጹሕ ያልሆነ ውሃ መጠጣት ከበሽታው ጋር ተያይዘው ታይተዋል።

ስለዚህ ከጨፌ ወይም ከቦይ ዳር የተቆረጠ ቅጠል በጥሬው አይበላ። ጎመንና ቆስጣ ሲቀቀል እጩ ይሞታል። ሰላጣን በንጹሕ ውሃ ማጠብ ይጠቅማል፤ ነገር ግን እጩ አጥብቆ ስለሚጣበቅ መታጠቡ ብቻ ዋስትና አይሆንም። ለጥሬ የሚሆነውን አትክልት ከብት በማይደርስበትና ከረግረግ በራቀ መደብ ይትከሉ፤ በጉድጓድ ወይም በቧንቧ ውሃ ያጠጡት። ከክፍት ምንጭ የተቀዳ ውሃ ይፍላ።

እረኛ ልጆች የሣር አገዳ ያኝካሉ፣ ከቦይ ጎንበስ ብለው ይጠጣሉ። በኮዳ የፈላ ውሃ ይስጧቸው፤ የጨፌ ሣር አፋቸው እንዳያስገቡም ይንገሯቸው። ለጫት ቃሚዎችም ማስጠንቀቂያ አለ። እ.ኤ.አ. በ1995 በእንግሊዝ፣ በ2000 ደግሞ በኔዘርላንድ ሐኪሞች ጫት በማኘክ የተያዙ ሕሙማንን መዝግበዋል። እጩ ውሃ ባጠጣው ቅጠል ላይ ባሕር ተሻግሮ መሄድ ችሏል።

10ኛ፦ ሰው ሲታመም ለሐኪሙ ሙሉውን ንገሩ

ሰው ትሉን ከዋጠ ከሳምንታት በኋላ ትኩሳት፣ በቀኝ የጎድን አጥንት ሥር ሕመም፣ ማቅለሽለሽ፣ አንዳንዴም የሚያሳክክ ሽፍታ ሊጀምረው ይችላል። ከዚያ ሕመሙ ይበርድና ትሉ በሐሞት ቧንቧ ለዓመታት ይቀመጣል፤ ከ10 ዓመት በላይ ሊቆይም ይችላል። ቧንቧው ሲዘጋ ዐይን ቢጫ ይሆናል፤ ሕመሙም የሐሞት ጠጠር ይመስላል። በዚህ ምክንያት በሽታው በታይፎይድ፣ በጨጓራ ወይም በሌላ የጉበት ሕመም ስም ሊታከም ይችላል።

ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ላሊበላ ሆስፒታል ሲሄዱ «በጎቻችን የጉበት ትል አለባቸው፣ ከምንጭ እንጠጣለን፣ ጥሬ ቅጠል በልተናል» ብለው በግልጽ ይናገሩ። ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ሐኪሙን ወደ ትክክለኛው ምርመራ ይመራዋል። እንቁላሉ በሰገራ ላይ የሚታየው ከተዋጠ ከ3 እስከ 4 ወር በኋላ ስለሆነ ቀድሞ የተደረገ ምርመራ ባዶ ሊወጣ ይችላል። በዚያ ጊዜ በደም ምርመራ ኢዮሲኖፊል የሚባለው የነጭ ደም ሕዋስ መብዛቱ ፍንጭ ይሰጣል፤ አልትራሳውንድም ያግዛል።

በቅርቡ ጉበት ከበሉ ይህንንም አይደብቁ። ትል የነበረበትን ጉበት የበላ ሰው እንቁላሉ በሰገራው ሊያልፍ ይችላል፤ ሳይታመም ታመመ ይባላል። ለጥቂት ቀናት ከጉበትና ከዱለት ታቅቦ ድጋሚ መመርመር ነገሩን ይለያል።

ለሰው የሚሰጠው መድኃኒትም ትሪክላቤንዳዞል ነው፤ ኖቫርቲስ ለዓለም ጤና ድርጅት በነጻ ያቀርበዋል፣ አገሮችም በጤና ሚኒስቴሮቻቸው በኩል ይጠይቁታል። በትምህርት ቤት ዘመቻ የሚታደለው አልቤንዳዞል እና ለቢልሃርዚያ የሚሰጠው ፕራዚኳንቴል ይህን ትል አያድኑም። ለበግ የተገዛውን መድኃኒት ሰው መውሰድ ደግሞ ፈጽሞ አይገባውም።

ከእነዚህ አሥር ተግባራት አብዛኛዎቹን አንድ ቤተሰብ ብቻውን ይፈጽማቸዋል። ጨፌው ግን የጋራ ነው። አንዱ በጎቹን አክሞ ጎረቤቱ ካላከመ በሚቀጥለው ክረምት የሁለቱም መንጋ ከዚያው ሣር ላይ ይያዛል። ስለዚህ ከግንቦት በፊት የአንድ ጨፌ ተጋሪዎች በሰንበቴ ወይም በቀበሌ ስብሰባ ሦስት ነገር ይቁረጡ፦ መንጋው ሁሉ በአንድ ሳምንት መድኃኒት የሚያገኝበትን ቀን፣ የምንጩን ገንዳ የሚሠሩትን ሰዎች፣ ረግረጉ የሚከለከልበትን ወራት። ከዚያም የእንስሳት ጤና ባለሙያውን ቀድመው ያሳውቁ፤ መድኃኒቱ ከወልድያ ወይም ከደሴ እስኪመጣ ጊዜ ይፈጃል።